ሳቁን የሚጨርሰው ማን ነው?
(ስለ «ክራምብስ» ፊልምና ስለ ቪዲዮ ቤቶቻችን የቀረበ አጭር ሂስ)

ፈረንጆች «ካልት ፊልም» የሚሉት ነገር አለ። ሰፊው ገበያ ፊቱን ያዞረበት፣ ጥቂቶች ግን እንደ ጽዋ ማኅበር እየተጠራሩ ደጋግመው የሚያዩት ፊልም ማለት ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዘ ሮኪ ሆረር ፒክቸር ሾው» መጀመሪያ ላይ ተመልካች አጥቶ ነበር። በዓመቱ ኒውዮርክ ውስጥ በእኩለ ሌሊት መታየት ሲጀምር ግን ተመልካቹ እንደ ተዋንያኑ ለብሶ እየመጣ፣ ለሸራው መልስ እየሰጠ ፊልሙን የራሱ አደረገው። የለንደኑን ፕሪንስ ቻርልስ የመሳሰሉ ሲኒማ ቤቶችም የቆየ ፊልምና ኮሜዲ እየመለሱ በማሳየት ነው ስም ያተረፉት። እንግዲህ ፊልምን ካልት የሚያደርገው አዘጋጁ ሳይሆን አዳራሹ ነው ማለት ነው።

ለመሆኑ ይኸ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው? በፍጹም! አዋሽ ሰባት ያደገ ሰው ስሙን ባያውቀውም ነገሩን ያውቀዋል። በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ሾፌሩ፣ ረዳቱና ከትምህርት ቤት የፎረፈው ልጅ ተጣበው አንዱኑ የህንድ ፊልም ለስንተኛ ጊዜ ያዩታል። ተርጓሚው በአንድ ድምፅ አባትም እናትም ሽፍታም ይሆናል፤ ከእሱ ቀድሞ ንግግሩን የሚወረውር ደግሞ ከኋላ አይጠፋም። ሚስተር ቢን ሲታይማ ትርጉምም አያስፈልግ፤ አፋርኛ ተናጋሪውም አማርኛ ተናጋሪውም እኩል ይስቃል።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ስለ አንድ ፊልም ለመናገር ነው። «ክራምብስ» (ፍርፋሪ እንደ ማለት ነው) በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ የ68 ደቂቃ ፊልም ነው። አዘጋጁ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ፣ ዋነኞቹ ተዋንያን ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ፣ ቋንቋው አማርኛ፣ ከተቀረጸባቸው ቦታዎች አንዱም የእኛው ክልል ዳሎል ነው። ዓለም አልቃለች፤ የዛገች የጠፈር መርከብ ሰማይ ላይ ተንጠልጥላለች። ሁለት ፍቅረኞች በአንድ የተተወ ቦውሊንግ ቤት ይኖራሉ። የእኛ ዘመን የፕላስቲክ መጫወቻ ውድ ቅርስ፣ ኳስ ተጫዋቹ ማይክል ጆርዳን ደግሞ የሚጸለይለት አምላክ ሆኗል። ጀግናው ወደ ትውልድ ፕላኔቱ ለመመለስ የገና አባትን ፍለጋ ይወጣል። ዕብደት ነው፤ ግን ጥሩ ዕብደት ነው።

ቀልዱ የሚሠራው ማንም ስለማይስቅ ነው። ባለ ሱቁ ርካሽ መጫወቻ ይዞ የከበረ ታሪክ ሲዘረዝር ፊቱ ላይ ፈገግታ የለም። የአውሮፓ ተመልካች በእንግድነቱ ይስቅ ይሆናል። እኛ ግን ሌላ ነገር እናውቃለን፤ ከዚሁ የጨው ምድር እየተጠረበ የወጣው አሞሌ በአገራችን ለዘመናት ገንዘብ ነበር። ጨው ገንዘብ ከሆነ ፕላስቲክ ለምን ክታብ አይሆንም? ይኸ ቀልድ ባለቤቱን ቢያገኝ ኖሮ ሁለት እጥፍ ባሳቀ!

ሌላው የማደንቀው ዳንኤል ታደሰን ነው። በኮሜዲዎቻችን ውስጥ ቁመቱ ያጠረ ወይም ጀርባው የጎበጠ ሰው ብቅ ካለ ሰውነቱ ራሱ ቀልድ ይደረጋል። እዚህ ግን እሱ አፍቃሪ ነው፣ መንገደኛ ነው፣ ጀግና ነው፤ አንድም ጊዜ አካሉ መሳቂያ አልሆነም።

ጉድለቱን ደግሞ ልናገር። አዘጋጁ ዳሎልን የመረጠው ዓለም ያለቀችበት ምድር እንዲመስልለት ነው። ያ ቦታ ግን ለጨው ቆራጩና ለግመል ነጂው የዕለት ሥራው ነው። «ልብ ወለድ እኮ ነው» የሚለኝ ይኖራል። ይሁን፤ ነገር ግን የምድሩን ቢጫና አረንጓዴ ወስዶ የሰዉን ቋንቋ፣ አፋርኛን፣ መተው ምን ይባላል? ባዶ ያልሆነውን ባዶ ብሎ ማሳየት የቆየ ልማድ ነው፤ «ክራምብስ»ም ከዚህ አልወጣም።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ይኸ ፊልም ለእኛ የደረሰበት መንገድ ነው። በፍላሽ ተቀባብለን፣ በየስልካችን፣ ጆሯችንን ደፍነን አየነው። ኮሜዲ ለብቻ ሲታይ እኮ ግማሹ ይሞታል! አጠገብህ ያለው ሲስቅ ነው የአንተም ሳቅ የሚመጣው፤ ሌላው ሲያጉረመርም ነው «ለምን?» ብለህ የምትጠይቀው።

ስለዚህ ሐሳቤ አጭር ነው። ሰመራ ላይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከደጅ እናሳየው። እንደ ቪዲዮ ቤቱ አንድ ተርጓሚ ቆሞ ንግግሩን ወደ አፋርኛ ይመልስ፤ ከፈለገም የራሱን ይጨምርበት። ከሰመረ ወደ አዋሽ ሰባትም እንውሰደው። የዳሎል ሰው ከመካከላችን ካለ ከፊት ይቀመጥ፤ ቢስቅም ቢያፏጭም ፍርዱ የእሱ ነው። እኔ ከላይ የጻፍኩት ሂስ ያን ጊዜ ይመዘናል።

አንሶላው ከዶርም አይጠፋም። የቀረው ፕሮጀክተር የሚያስፈቅድ ሰው ነው።