ከሽልማቱ ምሽት በኋላ፦ የወጣት ፒያኒስቶች ትምህርትና ዝና

የራክማኒኖቭ ሦስተኛ የፒያኖ ኮንሰርቶ ሲጀምር የሚያስፈራ አይመስልም። ኦርኬስትራው ዝግ ባለ ድምፅ ምቱን ጥቂት ካስኬደ በኋላ ፒያኖው ይገባል፤ ሁለቱ እጆች አንዱን ዜማ፣ አንደኛው ከፍ ሌላኛው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እኩል ይዘውት ይሄዳሉ። ጌጥ የለው፣ የተደራረበ ድምፅ የለው። ጥቂት ወራት የተማረ ልጅ እንኳ ቁልፎቹን ፈልጎ ሊያገኛቸው ይችላል። በመጀመሪያው ክፍል ማገባደጃ ግን ኦርኬስትራው ዝም ይልና ፒያኒስቱ ብቻውን ይቀራል። ራክማኒኖቭ ለዚህ ቦታ ሁለት አማራጭ ጽፎለታል፤ አንደኛው ቀለል ብሎ የሚሮጥ፣ ሌላው ሁለቱንም እጆች ሙሉ ለሙሉ በድምፅ የሚሞላ ከባድ ነው።

በ1958 ሞስኮ ላይ በተካሄደ ውድድር የ23 ዓመቱ አሜሪካዊ ቫን ክላይበርን ከባዱን መርጦ ተጫወተ፤ አሸነፈም። በ2022 በቴክሳስዋ ፎርት ዎርዝ፣ በዚሁ በክላይበርን ስም በተሰየመው ውድድር፣ የ18 ዓመቱ ኮሪያዊ ዩንቻን ሊም ያንኑ ከባዱን መርጦ ተጫወተ፤ እሱም አሸነፈ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በመካከላቸው 64 ዓመት አለ። ስለ ሁለቱ ምሽቶች ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ምሽቶቹ ካለፉ በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም የሙዚቃው ገበያ ሽልማትን እንደ ምረቃ ይቆጥረዋል። በእኔ እምነት ሽልማት ገና በትምህርት ላይ ያለን ሰው ከትምህርቱ መሀል የሚነጥቅ አደጋ ነው። አንድ ፒያኒስት ወዴት እንደሚያመራ የሚወስነውም ያሸነፈበት ምሽት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ተማሪነቱን ማን እንደጠበቀለት ነው።

የክላይበርን አስተዳደግ የአጋጣሚ ውጤት አልነበረም። በ1934 ሉዊዚያና ውስጥ ተወልዶ ያደገው ኪልጎር በምትባል የቴክሳስ የነዳጅ ከተማ ነው። ከሦስት ዓመቱ እስከ 17 ዓመቱ ያስተማሩት እናቱ ሪልዲያ ቢ ኦብራያን ናቸው። እሳቸው የአርተር ፍሪድሃይም ተማሪ ነበሩ፤ ፍሪድሃይም ደግሞ የፍራንዝ ሊስት። ልጁ ኒው ዮርክ ጁሊያርድ ሲገባ የተቀበሉት ሮዚና ሌቪን የሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸላሚ ነበሩ። ስለዚህ ከቴክሳስ የመጣው ልጅ የሩሲያን ሙዚቃ ለሩሲያውያን ሲጫወትላቸው ያወቁት ነገር ነበር፤ ከራሳቸው ቤት የወጣ አጨዋወት ነበርና። የቀዝቃዛው ጦርነት ታሪክ ይህን የትምህርት ሐረግ ሸፍኖት ኖሯል። ስለ ክላይበርን የሚነገረው ሁሉ ከሶቪየቱ መሪ ከክሩሽቾቭ ይጀምራል፤ የኪልጎርዋ መምህር እምብዛም አይነሱም።

ከድሉ በኋላ ኒው ዮርክ በሰልፍ ተቀበለችው። የቻይኮቭስኪን አንደኛ ኮንሰርቶ የቀዳበት ሸክላ በክላሲካል ሙዚቃ ተሰምቶ በማይታወቅ ብዛት ተሸጠ። ችግሩም ከዚሁ ይነሳል። አዘጋጁ ሁሉ የሚጠይቀው ያንኑ ቻይኮቭስኪ፣ ያንኑ ራክማኒኖቭ ሆነ። 23 ዓመት የሞላው ሰው ገና ሊያጠናቸው የሚገቡ ሥራዎች ነበሩት፤ የሚያጠናበት ጊዜ ግን አልተተወለትም። በ1978 ከመድረክ ራቀ፤ የተመለሰውም በ1987 ሬጋንና ጎርባቾቭ በተገኙበት በዋይት ሐውስ ነው። ክላይበርን ባከነ የሚሉ ሐያስያን አሉ፤ ፍርዳቸው የከበደ ይመስለኛል። ድምፁ ሰፊና ልበ ሙሉ ነበር፤ ዛሬም ሲደመጥ እንደዚያው ነው። የጎደለው ተሰጥኦ አይደለም፤ የጎደለው «አሁን አይሆንም» የሚልለት ሰው ነው።

ማውሪትዚዮ ፖሊኒ ይህን ቃል ለራሱ ተናገረ። በ1960 ዋርሶ ላይ የሾፐንን ውድድር ሲያሸንፍ 18 ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት የሾፐንን ኤቱዶች ለአንድ ትልቅ የቀረጻ ድርጅት ቀዳ፤ ቅጂው ግን ለአስርት ዓመታት ሳይወጣ ቆየ። ኮንሰርቶቹን ቀነሰ፣ ከአርቱሮ ቤኔዴቲ ሚኬላንጄሊ ዘንድ ትምህርት ቀጠለ፣ የሚጫወታቸውን ሥራዎች አሰፋ። ኤቱዶቹን እንደገና ቀድቶ ለአድማጭ የሰጠው በ1972 ነው፤ ያ ቅጂ እስከ ዛሬ ሌሎች የሚለኩበት ሆኖ ቆይቷል። ከሾፐን አልፎ የቡሌዝንና የኖኖን ሥራ በዋና ዋና መድረኮች ላይ ማቆም የቻለውም በእነዚያ ዓመታት ባጠራቀመው ነው እላለሁ። እርግጥ በ1960 እንዲህ መራቅ ይቻል ነበር። ያኔ አድማጭ ሸክላ ይጠብቅ ነበር እንጂ ያሸነፈበትን ምሽት በኪሱ ይዞ አይዞርም ነበር።

ዩንቻን ሊም የመጣው በሌላ ዘመን ነው። ሲሁንግ በምትባል ከተማ በ2004 ተወለደ፤ ፒያኖ የጀመረው በሰባት ዓመቱ ነው። ለዚህ ሙያ ሰባት ዓመት ዘግየት ያለ ነው። በ13 ዓመቱ ሴኡል ውስጥ ልዩ ተሰጥኦ ላላቸው ልጆች ወደተቋቋመው የጥበብ ተቋም ገባና ከመምህሩ ሚንሱ ሶን ጋር ተገናኘ። ሶን ቦስተን በሚገኘው የኒው ኢንግላንድ ኮንሰርቫቶሪ የራስል ሸርማን ተማሪ የነበሩ፣ የቤትሆቨንን 32 ሶናታዎች በሙሉ የተጫወቱ ሰው ናቸው። መምህሩ ጣት ብቻ አላሠሩትም። ሊም ሊስት ከዳንቴ ተነሥቶ የጻፈውን ሶናታ ለመጫወት «መለኮታዊ ኮሜዲ»ን በተለያዩ ትርጉሞች ደጋግሞ እንዳነበበ ራሱ ተናግሯል።

በኮሪያ የውድድሩ ግፊት ሕጋዊ መሠረትም አለው። ወጣት ወንዶች የውትድርና ግዴታ አለባቸው፤ በተለዩ ዓለም አቀፍ ውድድሮች ከፍተኛ ደረጃ ያገኘ ሙዚቀኛ ግን በመደበኛው አገልግሎት ፈንታ በሙያው እንዲያገለግል ይፈቀድለታል። ጣቶቹ በሚጎለብቱበት ዕድሜ ከፒያኖ መለየት ለማይፈልግ ወጣት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የኮሪያን ወጣቶች በየውድድሩ ማየት ያስገረማቸው ምዕራባውያን ጸሐፍት ስለ ታታሪነት ብዙ ሲሉ ይህን ያልፉታል።

የክላይበርን ውድድር ዝቅተኛው ዕድሜ 18 ነው፤ ሊም 18 በሞላ በሦስተኛው ወር ተወዳደረ። በግማሽ ፍጻሜው የሊስትን 12 «ትራንሰንደንታል» ኤቱዶች ያለ ዕረፍት አከታትሎ ተጫወተ፤ ብቻውን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስድ ነው። በፍጻሜው በማሪን አልሶፕ መሪነት ራክማኒኖቭን አቀረበ። ያ ቪዲዮ ከአስር ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታይቷል። በእኔ ጆሮ የዚያ ምሽት ትልቁ ነገር ብዙዎች የሚያወሩለት ከባዱ ቦታ አይደለም፤ መነሻው ዜማ ነው። ሊም ዜማውን አላስጌጠውም፣ ሊያሳዝንበትም አልሞከረም፤ ትንፋሹን ጠብቆ ብቻ አለፈው። በ18 ዓመት ይህን ያህል መታገሥ ጣት ከማፍጠን ይከብዳል። ሽልማቱ 100,000 ዶላርና የሦስት ዓመት የኮንሰርት አስተዳደር ነበር። እሱ ግን ምኞቱ ተራራ ላይ ወጥቶ ከፒያኖው ጋር መኖር እንደሆነ፣ ያን ቢያደርግ ግን ገቢ እንደማይኖረው ለጋዜጠኞች ተናገረ። ብዙዎች የልጅ ንግግር አድርገው ሣቁበት፤ እኔ ፖሊኒ በ1960 ያደረገውን በቃል ያለ ይመስለኛል።

በ2023 ሶን ለማስተማር ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ወደ ቦስተን ሲሄዱ ሊምም ተከትሏቸው ሄደ። በአብነት ትምህርት ቤት ያደገ አንባቢ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም፦ ተማሪው የሚከተለው ደብሩን ሳይሆን መምህሩን ነው፤ የኔታ ከተነሡ አኩፋዳውን አንግቶ ይነሣል። የዓለም ትልልቅ አዳራሾች በራቸውን የከፈቱለት ሰው ተማሪ ሆኖ መመዝገቡን የምዕራቡ ጋዜጦች እንደ ትሕትና ቆጠሩት። እኔ እንደ ሙያ ጥንቃቄ አየዋለሁ።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ እጅ ራሱ ይናገራል። ከሾፐን ኤቱዶች ኦፐስ 10 ቁጥር 2ን እንውሰድ። በቀኝ እጅ አውራ ጣትና ሌባ ጣት አጫጭር የተጣመሩ ድምፆችን ይነካሉ፤ በዚያው ጊዜ መሀል ጣት፣ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ነጩንም ጥቁሩንም ቁልፍ ሳይዘሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተሻገሩ ይሮጣሉ። ለብቻቸው መሮጥ ያልለመዱት ሦስቱ ደካማ ጣቶች ሥራውን ሁሉ ይሸከማሉ። ርዝመቱ ከሁለት ደቂቃ ያንሳል፤ ክንድ የሚዝለው ግን ከዚያ በፊት ነው። መድኃኒቱ ኃይል አይደለም፤ አንጓን ማላላትና በዝግታ መለማመድ ነው፤ ዝግታ ደግሞ ባዶ ቀናት ይፈልጋል። ሊም በየካቲት 2024 ሙዚቃ የሚያውቀው ዓለም ሁሉ በሚያከብረው በኒው ዮርኩ ካርኔጊ አዳራሽ ኦፐስ 10ንና ኦፐስ 25ን፣ 24ቱንም ኤቱዶች አቀረበ፤ ቅጂውም በሚያዝያ ወጣ። በመካከሉ እጁ ታመመና በርከት ያሉ ኮንሰርቶች ተሰረዙ። እዚህ ላይ ወጣቱን መውቀስ ቀላል ነው። እኔ የምወቅሰው የቀን መቁጠሪያውን ነው። አንድ ውድድር የሦስት ዓመት አስተዳደር ሲሸልም ምን ያህል ኮንሰርት እንደሚያዝ ያስባል፤ ምን ያህል የጥናት ወር እንደሚጠብቅ ግን የሽልማቱ አካል አያደርገውም። የውድድር አዘጋጆች ሊያሻሽሉት የሚችሉት አንድ ነገር ካለ ይህ ነው፦ ከገንዘቡ ከፊሉ ኮንሰርት ለሌለበት ጊዜ የሚከፈል ቢሆን።

ሊም ራሱ መልስ መስጠት ጀምሯል። በ2025 ወደ ካርኔጊ ሲመለስ ያመጣው የባኽን «ጎልድበርግ ቫሪየሽንስ» ነው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚዘልቅ፣ የሚያስጨበጭብ ነጎድጓድ የሌለበት፣ ውስብስቡ ሁሉ ውስጥ ለውስጥ የሚሄድ ሥራ። በዚያው ዓመት ደግሞ የቀረጻ ድርጅቱ የፎርት ዎርዙን ራክማኒኖቭ በአልበም አወጣው። ገበያው አሁንም የ2022ቱን ምሽት ይሸጣል፤ ፒያኒስቱ ሌላ መጽሐፍ ከፍቶ ተቀምጧል። የሚቀጥሉትን አሥር ዓመታት የሚጽፍ ሐያሲ መከታተል ያለበት የትኛው እንደሚበረታ ነው፤ ለዚህም ከቲኬቱ ሽያጭ ይልቅ በየዓመቱ አዲስ የሚያጠናቸውን ሥራዎች ዝርዝር ማየት ይበቃዋል።