ቸኮሌት ወደ ሠራት ከተማ

በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር አበሻ ቤተሰብ ልጆቹን ጭኖ ወደ ፔንሲልቫኒያዋ ሄርሺ ሲነዳ ደስ ይለኛል። መንገዱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከኋላ ዳቦ ቆሎው ይዞራል። የከተማዋ የመንገድ መብራቶች የቸኮሌት ቅርጽ አላቸው፤ አንዱ በብርማ ወረቀቱ እንደተጠቀለለ፣ ሌላው ተገልጦ። ከእ.ኤ.አ. 1973 ወዲህ ጎብኚ የሚገባው ወደ ቸኮሌት ፋብሪካው ሳይሆን አሠራሩን ወደሚያሳየው ቸኮሌት ዎርልድ ነው። ተቀምጠው እየተጓዙ የካካዎው ፍሬ እንዴት እንደሚቆላ፣ እንደሚፈጭ፣ ከወተት ጋር እንደሚዋሃድ ያያሉ፤ ሰው ሠራሽ ላሞችም ይዘፍኑላቸዋል። እኔ ከሁሉ የማደንቀው ግን የፋብሪካው መሥራች ሚልተን ሄርሺና ባለቤቱ ካትሪን በ1909 ወላጅ ላጡ ወንዶች ልጆች ያቋቋሙትን ትምህርት ቤት ነው። ዛሬም ያስተምራል፤ ሴቶችንም ጭምር። ልጆቻችን ይህን ሳይሰሙ ከዚያ ባይወጡ እወዳለሁ። ጊዜ ካለ ደግሞ በማግስቱ ወደ ፊላደልፊያ ጎራ ማለት ነው፤ የተሰነጠቀውን የነጻነት ደወል ለማየት ክፍያ የለም።