አእምሮን ማን ይመረምራል? ስለ «ሰምና ወርቅ» እና ስለ ጎጃም የተጻፉ ጥናቶች ሂሳዊ አስተያየት

ሳይንስ ከጥያቄ ይጀምራል፤ ጥያቄም ጠያቂና ተጠያቂ አለው። ስለ ድንጋይና ስለ ውሃ ሲጠየቅ ተጠያቂው አይናገርም። ስለ ሰው አእምሮና ስለ ኅብረተሰብ ሲጠየቅ ግን ተጠያቂው ራሱ የሚያስብ፣ የሚመልስ፣ ሲያሻውም መልሱን በሰም ጠቅልሎ የሚያቀርብ ፍጡር ነው። ስለዚህ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቃውንት ሥራ ሲገመገም «ምን አገኙ?» ብሎ ማቆም አይበቃም። «ማንን ጠየቁ? እንዴት ጠየቁ? የተጠየቀውስ በምን ዓይነት ኑሮ ውስጥ ሆኖ መለሰ?» ብሎ መቀጠል የሂስ ተግባር ነው።

የጎጃም ምድር የባለሙያ ጥያቄ ሲቀርብለት የኖረ ነው። ስፔናዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 ሰከላ ደርሰው ግሽ ዓባይን አይተዋል። ብሩስ ራሱን የምንጩ አግኚ አድርጎ ለዓለም አቀረበ። «አገኘሁ» በሚለው ቃል ውስጥ ግን ከምንጩ አጠገብ ተወልዶ፣ ከምንጩ ጠጥቶ ያደገው የሰከላ ባላገር ዕውቀት ቦታ አልነበረውም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እንዲህ ያለው አግኚነት ከወንዝ ምንጭ አልፎ ወደ ሰው አእምሮ በተሻገረ ጊዜ ምን እንደሚሆን ማየት ነው።

ስለ አማራው ሕዝብ አስተሳሰብ ከተጻፉት መጻሕፍት ሁሉ አብዝቶ የሚጠቀሰው የአሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ የፕሮፌሰር ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» ነው። መጽሐፉ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1965 ታትሞ ወጣ። ደራሲው በመንዝ ገጠር ኖረዋል፤ በአዲስ አበባም ዘመናዊ ትምህርት የሚማሩ ወጣቶችን መርምረዋል። ሐሳባቸው ባጭሩ ሲቀመጥ የሚከተለው ነው። ሰምና ወርቅ የቅኔ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የአንድ ሕዝብ የአነጋገርና የኑሮ ዘይቤ መለያ ነው። ሁለት ፍቺ ያለው ቃል ምስጢር ይጠብቃል፤ በጨዋ አንደበት ለመስደብ ያስችላል፤ ጌታን ሳያስቆጡ ለመንቀፍ ይረዳል። ዘመናዊ አስተዳደርና ሳይንስ ግን ግልጽና አንድ ፍቺ ያለው ቃል ይሻሉ። ስለዚህ በሕዝቡ የአነጋገር ልማድና በአዲሱ ዘመን ፍላጎት መካከል ግጭት አለ። በዚህም ላይ የአማራው ግለኝነት ለጋራ ሥራ እንቅፋት ይሆናል።

መጽሐፉ የንቀት ሥራ አይደለም። ደራሲው አገሩን ወደዋል፤ የቅኔውንም ውበት አድንቀዋል። ሆኖም አንድ ድምዳሜ የተነገረበት ቅንነት ከፈተና ነጻ አያደርገውም። ፈተናውን መጀመር ያለብንም መጽሐፉ ስሙን ከተዋሰበት ከቅኔ ቤት ነው።

ዋሸራና ጎንጅ የሚባሉት ታላላቅ የቅኔ መንገዶች ስማቸውን ያገኙት በጎጃም ምድር ነው። በእነዚህ ቤቶች ተማሪው ግሥ ይገሣል፤ እርባ ቅምር ይወርዳል፤ አገባብ ያጠናል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ በደረጃ ይወጣል። የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር እያንዳንዱ ቃል በሙያው ይፈተናል። ዘርፉ ከባለቤቱ፣ ግሡ ከተሳቢው ካልተስማማ፣ ሰሙም ከወርቁ ካልተናበበ ቅኔው ተፋለሰ ተብሎ ይመለሳል። እንግዲህ ይህ ትምህርት ቤት ተማሪውን የሚያሠለጥነው በማድበስበስ ነው ወይስ በጥንቃቄ? መልሱ ግልጽ ይመስለናል። ሁለት ፍቺ ያለው ቃልና ፍቺው ያልታወቀ ቃል አንድ አይደሉም። ባለቅኔው ሁለቱንም ፍቺ ያውቃቸዋል፤ መጠናቸውንም ለክቶ ያስቀምጣቸዋል። አድማጩም ወርቁን ሲያወጣ የሚያገኘው የተወሰነ ነገርን እንጂ ያሻውን አይደለም።

ሊቃውንቱ የቅኔን መንገዶችም ለይተው ነው የሚያስተምሩት። በግዕዙ ቅኔ ሰምና ወርቅ ሲባል ሰሙም ወርቁም በግልጽ ተነግረው፣ ጎን ለጎን ተዛምደው የሚቀመጡበት ነው። አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲያዝል ኅብር ይባላል። ምስጢሩ ከላይኛው ንግግር ሥር ሲሰወር ደግሞ ውስጠ ወይራ ነው። በአማርኛው አነጋገር እነዚህ ሁሉ በአንድ ስም መጠራታቸው የተለመደ ነው፤ ለዕለት ጨዋታም ይበቃል። ነገር ግን የአንድን ሕዝብ አእምሮ በዚህ ስም ለመሰየም የተነሣ ጥናት፣ ስሙ በባለቤቶቹ ዘንድ የመሰወር ብቻ ሳይሆን የማዛመድና የመግለጥ ስልት መጠሪያ ጭምር መሆኑን በክርክሩ መሠረት ላይ ማኖር ነበረበት። አንጥረኛውም ቢሆን ሰሙን የሚያበጀው ወርቁን ሊደብቅበት አይደለም፤ መልክ ሊሰጥበት ነው።

ሁለተኛው ፈተና ከቅኔ ቤት ውጭ ነው። ባላገሩ በዳኛ ፊት፣ በመልከኛ ደጅ፣ በግብር ሰብሳቢ ዘንድ ቃሉን እየሸፈነ ተናግሯል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ግልጽ የተናገረ ምን ይደርስበት ነበር? ወርቁን በአደባባይ ማውጣት መሬት የሚያስነቅል፣ ጅራፍ የሚያስገርፍ በሆነበት ሥርዓት ሰም የአእምሮ ጠባይ አይሆንም፤ የደካማ ጋሻ ነው። ፕሮፌሰር ሌቪን ቅኔ በባለሥልጣን ላይ የሚወረወር ጦር መሆኑን አይተዋል። ያዩትን ግን ከሥርዓቱ ይልቅ በባህሉ ጠባይ መዝገብ ላይ አሰፈሩት። እኛ የምንለው ጋሻውን ከመመዘን በፊት ጦሩ ከወዴት እንደሚመጣ መጠየቅ ይገባል ነው።

ይህን ጥያቄ በሌላ መንገድ የጠየቁ ባለሙያ አሉ። አሜሪካዊው የሰው ባህል ተመራማሪ አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ባላገር መካከል ኖረው ያጠኑትን የርስት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ አሳትመዋል። ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ደጋውን ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው የሆበን ጥናት የጎረቤት ታሪክ ነው። ሆበን «ይህ ሕዝብ ምን ዓይነት አእምሮ አለው?» ብለው አልጀመሩም። «ይህ ሰው መሬት የሚያገኘው እንዴት ነው?» ብለው ጀመሩ። ያገኙትም መልስ ርስት የተከለለ ማሳ ሳይሆን ከቀዳሚ አባት የሚወረስ የመብት ጥያቄ መሆኑን ነው። መብቱ በአባትም በእናትም ስለሚወረድ አንድ ሰው በብዙ የትውልድ ሐረግ በብዙ ቦታ ርስት ሊጠይቅ ይችላል። የጠየቀውን ሁሉ ግን አያገኝም። ሐረጉን የቆጠረ፣ ምስክር ያቆመ፣ በሙግት የበረታ፣ ወገን ያበዛ እርሱ ያገኛል።

ይህን የተረዳ አንባቢ «ግለኝነት» የተባለውን ነገር በአዲስ ዓይን ያየዋል። ወንድም ከወንድሙ፣ የአጎት ልጅ ከአጎቱ ልጅ የሚሟገተው በተፈጥሮው መተባበርን ስለሚጠላ አይደለም፤ የእያንዳንዱ ድርሻ በሌላው ድርሻ ላይ የሚወጣና የሚወርድ ስለሆነ ነው። ሙግተኛነቱ የሥርዓቱ ሒሳብ ነው። አንዱ ሊቅ ከጠባይ ተነሥተው ኑሮን ሊያስረዱ ሞከሩ፤ ሌላው ከኑሮ ተነሥተው ጠባይን አስረዱ። በእኛ አስተያየት ከሁለቱ መንገዶች ወደ እውነት የሚያቀርበው ሁለተኛው ነው።

ማስረጃው በታሪክ ተፈትኗል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ መንግሥት ምርትን የሚገምቱ ሰዎችን ወደ ገጠር ላከ። በወረቀት ላይ አዋጁ ዘመናዊና ምክንያታዊ ነበር፤ ግብር በገቢ ልክ ይከፈል የሚል ነው። የጎጃም ባላገር ግን ገማቾቹን አናስገባም ብሎ ተነሣ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ አውሮፕላንም ላከ። በመጨረሻ ግን ገማቾቹን መለሰ፤ ውዝፉንም ግብር ማረ። አእምሮን ለሚመረምር ባለሙያ ይህ አመፅ አዲስ ነገርን የመፍራት ምልክት ሊመስል ይችላል። ርስትን ለሚያውቅ ግን ነገሩ ግልጽ ነው። መሬትን በአንድ ሰው ስም መዝግቦ መገመት፣ ያልተቆረጠውን የርስት ጥያቄ መቁረጥ ይሆናል፤ ዛሬ የተገመተ መሬት ነገ ይለካል፣ የተለካም ይወሰዳል የሚለው ሥጋትም ከልምድ የመጣ እንጂ ከድንቁርና የመጣ አልነበረም። ደግሞም መተባበር አይችልም የተባለው ባላገር በዚያ ዓመት ከወረዳ ወረዳ ተላልኮ በአንድነት ቆመ። የርስትና የጉልት ጥያቄ በሌላ መልክ የተፈታው የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀ ጊዜ ነው።

ኪነ ጥበብ በዚህ ክርክር ውስጥ ቦታ አለው ወይ ቢባል፣ አለው። «ሰምና ወርቅ» በቺካጎ በወጣበት ወቅት፣ በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመ። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱ፣ የቤተ ክህነቱን ትምህርት ከውስጥ የሚያውቁ ነበሩ። የልቦለዱ ጉዱ ካሣ በዚያው ባህል ውስጥ አድጎ የኅብረተሰቡን ሕግና ልማድ በሰላ አእምሮ የሚመረምር ሰው ነው። ወገኖቹ እብድ ይሉታል፤ ንግግሩ ግን ከሰም የራቀ ነው። በአበጀ በለው መሪነት የሚነሡት ባላገሮችም ፊታውራሪ መሸሻ የጫኑባቸውን አንሸከምም ይላሉ። ልቦለዱ ከታተመ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ እውነተኛው ባላገር ተነሣ። ይህን የምንጠቅሰው ደራሲውን ነቢይ ለማድረግ አይደለም። መጠይቅ በትኖ የሰበሰበው ምሁር ያላየውን ግጭት፣ ሰዎቹን ከውስጥ የሚያውቅ ደራሲ ሊያየው እንደሚችል ለማሳየት ነው። ጥሩ ልቦለድም የምርምር ዓይነት ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን የክርክሩን ሌላ ገጽ መግለጥ ያስፈልጋል። ፕሮፌሰር ሌቪን በሐሳባቸው ላይ ደርቀው አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ሥራ ኢትዮጵያን በሰፊው፣ እንደ ብዙ ሕዝቦች ትስስር አዩአት። በ1985 ባሳተሙት የድርሰቶች መድበል ደግሞ ሂሳቸውን ወደ ራሳቸው ዓለም መለሱት፤ ዘመናዊው የምዕራብ አስተሳሰብ ከድርብ ፍቺ በመሸሹ ያጣው ነገር እንዳለ ተከራከሩ። ቅኔን እንደ ችግር አይቶ የጀመረ ጥናት፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ለሳይንሱም የሚጠቅም ትምህርት አገኘበት። ይህ የሊቅ ክብር ነው።

በእኛ በኩል ደግሞ ቅኔን በመከላከል ሰበብ በቅኔ መተኛት አይገባም። የቅኔ ቤት ጥንቃቄ የቃል ጥንቃቄ ነው። ሳይንስ ከዚህ በተጨማሪ የነገርን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ዘሩ ተቆጥሮ፣ ዝናቡ ተለክቶ፣ የተባለው በሙከራ ተፈትኖ መረጋገጥ አለበት። የተፋለሰ ቅኔ በመምህር ይመለሳል፤ የተፋለሰ ግምት ግን መላሹ ራሱ ተፈጥሮ ነው። ሁለቱ ጥንቃቄዎች እንዴት እንደሚገናኙ የሚያሳይ ምሳሌ ከአገራችን አናጣም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ቁልቁል ቀንድ አውጣዎች ሞተው መንሳፈፋቸውን አዩ። ቀንድ አውጣው ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፍ ነበር። የሕዝቡ ዕውቀት ልብስ ያነጻል፤ የባለሙያው ጥያቄ ከዚያው አረፋ በሽታን የሚከላከል ነገር አወጣ። አንዱ ያለ ሌላው አይደርስበትም ነበር።

ከዚህ ሁሉ ለመምህራን የሚተርፍ አንድ ጉዳይ አለ። ዛሬ የፍኖተ ሰላምም የቡሬም ተማሪ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ሳይንስን የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ከዓለም ጋር መነጋገሪያ ነውና ቋንቋውን ማወቅ ይጠቅመዋል። ነገር ግን በራሱ ቋንቋ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ያልለመደ ልጅ በተውሶ ቋንቋ የሚይዘው መልስን ብቻ ነው፤ የሸመደደው ቃል ደግሞ ወርቅ የሌለው ሰም ነው። አማርኛ ግልጽ ነገር መናገር ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ በፈላስፋ ክርክር አይፈታም። በሥራ ይፈታል፤ ቃላት በማውጣት፣ መጽሐፍ በመጻፍ፣ በክፍል ውስጥ በመጠየቅ። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አዘጋጅቶ መንገዱን ከፍቷል። መንገዱ ላይ መሄድ ግን የመምህሩና የጸሐፊው ፈንታ ነው።

ባለሙያ ይምጣ፤ ይጠይቅ፤ ይጻፍ። እኛም የጻፈውን እናንብብ፣ እንመርምር፣ እንመልስ። ስለ አእምሯችን የሚደረገው ጉባኤ ያለ እኛ እንዳይቀመጥ የሚያደርገው ቅያሜ አይደለም፤ ዕውቀት ነው። በቅኔ ቤት ለተሳሳተ ቅኔ የሚሰጠው መልስ የተሻለ ቅኔ ነው። ለጎደለ ጥናትም መልሱ የተሻለ ጥናት ነው።