የዘጌ የእግር መንገድ

የእግር ጉዞ ሲባል ዳገት ብቻ የሚታየው ሰው በጣና ሐይቅ ያለውን የዘጌን ባሕረ ገብ መሬት ይሞክር። ከባሕር ዳር በጀልባ ከተሻገሩ በኋላ ከጣና ዳር እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የሚወስደው የጫካ መንገድ ጉልበት አይፈትንም፤ ሽማግሌም ሕፃንም ይሄደዋል። ክረምት ላይ ግን ድንጋዩ ያንሸራትታል። ግራ ቀኙ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የበቀለ ቡና ነው፤ ፍሬው ሲቀላ ዓይን ይስባል። ጫካው እንዲሁ አልተረፈም። ጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም ከልክለዋል ስለሚባል፣ በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ሆኖ ኖሯል፤ ሕዝቡ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ይተዳደራል። በቅጠሉ መካከል ሐይቁ ብልጭ ሲል የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ይታያል። የማስታወሻ ዕቃ ሻጮቹ ትንሽ ይበዛሉ፤ ቢሆንም ጨዋታቸው ደስ ይላል። መሄድስ በጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣና ጀልባዋን ያንገላታል።