የኦምዱርማኑ ጊታር
የሸርሐቢል አሕመድ ዘፈኖች በይዘትና በቅርፅ ሲመዘኑ

በሥነ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜ ከዕጩ መምህራን ጋር ስለ ዘፈን ግጥም ስንወያይ አንዱ ተነሥቶ፣ «ኤሌክትሪክ ጊታር የገባበት ዘፈን የሀገር ዘፈን አይባልም» አለ። ሄቪ ሜታል የሚባለውን ኃይለኛ የጊታር ሙዚቃ የሚወድ ጓደኛው ደግሞ፣ «ጊታር የሌለበት ዘፈን እንቅልፍ ያመጣል» ሲል መለሰለት። ሁለቱም ስለ መሣሪያው እንጂ ስለ ዘፈኑ አልተናገሩም። ክርክሩን ለመዳኘት የሚበጅ ምሳሌ ከጎረቤታችን ከሱዳን፣ ከኦምዱርማን ከተማ እናገኛለን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሸርሐቢል አሕመድ በ1935 ኦምዱርማን ውስጥ የተወለዱ ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች ናቸው። በሀገራቸው «የጃዝ ንጉሥ» ይባላሉ። ይሁን እንጂ በሱዳን ጃዝ ማለት የአሜሪካኖቹ ጃዝ ሳይሆን ጊታር፣ ሳክስፎን፣ ትራምፔትና ድራም ያለው የዘመናዊ ባንድ ዘፈን ማለት ነው። ባለቤታቸው ዘኪያ አቡልቃሲም ከባንዱ ጋር ጊታር ስለተጫወቱ በሱዳን የመጀመሪያዋ ሴት ጊታሪስት እየተባሉ ይጠራሉ። ለእኛ ለመምህራን ደግሞ ሌላ የሚያስደስት ነገር አለ። ሸርሐቢል ሠዓሊም ናቸው፤ «አስ-ሲብያን» በተባለው የልጆች መጽሔት ላይ «አጎትህ ተንጎ» የሚባለውን አስቂኝ ገጸ ባሕርይ እየሣሉ የሱዳንን ሕፃናት ያሳቁና ያስነበቡ ሰው ናቸው። የድሮ ቅጂዎቻቸው ተሰብስበው በ2020 ሐቢቢ ፈንክ በተባለው የበርሊን አሳታሚ አማካይነት በአንድ አልበም ወጥተዋል። እኔም የምመዝነው ይህንኑ አልበም ነው።

በመጀመሪያ ቅርፁን እንመልከት። ከእርሳቸው በፊት በኦምዱርማን የነገሠው «ሐቂባ» የሚባለው ዘፈን ነበር። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ዘፋኙ ያወጣል፣ ተቀባዮች ይመልሳሉ፣ ጭብጨባና ሪቅ የምትባል ትንሽ ከበሮ ምቱን ይይዛሉ። ከዚያም ዑድና ቫዮሊን መጡ። የሸርሐቢል ባንድ ዑዱን በኤሌክትሪክ ጊታር ተካ። ነገር ግን የዘፈኑ አጥንት አልተለወጠም። ጊታሩ አጭር ሐረግ እየደጋገመ ያወጣል፤ ሳክስፎንና ትራምፔት እንደ ሐቂባ ተቀባዮች ይመልሱለታል። እንግዲህ መሣሪያው እንግዳ ቢሆንም የተሰጠው ሥራ የቤት ሥራ ነው።

ሁለተኛው የቅርፅ ጉዳይ ቅኝቱ ነው። የሱዳን ዘፈን በብዛት በአምስት ድምፅ ይሠራል፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ይህ እኛ ትዝታ ሜጀር ከምንለው ቅኝት ጋር አንድ ነው። ቋንቋውን የማያውቀው የሀገራችን ሰው የሱዳን ዘፈን ሲሰማ ትከሻው የሚነቃነቀው ስለዚህ ነው። የሚገርመው ግን ሌላ ነው። እነዚሁ አምስት ድምፆች ከ«ላ» ሲጀመሩ የአሜሪካ ጥቁሮች ብሉዝ ዋና መሠረት ይሆናሉ። በ1970 የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው የእንግሊዙ ብላክ ሳባትም ሆነ ከእርሱ በኋላ የመጡት የሄቪ ሜታል ጊታሪስቶች ከዚሁ ምንጭ ቀድተዋል። ስለዚህ ጊታሩ ወደ ኦምዱርማን ሲገባ እንግዳ ቤት አልገባም፤ የሚያውቀውን ዜማ ነው ያገኘው።

ወደ ይዘቱ ስንመጣ ግን ሂሳችን ጠንከር ይላል። የአልበሙ ዘፈኖች አብዛኞቹ የፍቅርና የደስታ ናቸው። «አርጉስ ፈርፊሽ» የሚለው ርእስ ራሱ «ጨፍር፣ ተደሰት» እንደ ማለት ነው። ስንኙ አጭር ነው፤ ይደጋገማል። ሰምና ወርቅ የለመደ የእኛ አንባቢ ከሥሩ ሌላ ትርጉም ሲቆፍር ባዶ እጁን ይመለሳል። «ዙልም አድ-ዱንያ»፣ ማለትም «የዓለም በደል»፣ የሚለው ርእስ ጠለቅ ያለ ነገር ይጠቁማል፤ እንዲህ ያለው ጭብጥ ግን በአልበሙ ውስጥ ጥቂት ነው። ለዚህም በከፊል ተጠያቂው መራጩ ይመስለኛል። ለውጭ አድማጭ የሚታተም አልበም የሚያስጨፍረውን ማስቀደሙ አይቀርም።

ታዲያ የደስታ ዘፈን ከንቱ ነውን? እኔም በፊት እንዲያ ይመስለኝ ነበር። የከተማዋን ታሪክ ሳነብ ግን ፍርዴን አሻሻልሁ። ከ1989 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የሱዳን መንግሥት በዘፈንና በምሽት ድግስ ላይ ብርቱ ገደብ ጣለ። በ1994 ዝነኛው ዘፋኝ ኮጃሊ ዑስማን እዚያው ኦምዱርማን፣ በሙዚቀኞች ክበብ ውስጥ በስለት ተገደለ። «ጨፍር፣ ተደሰት» የሚለው ቃል ባይለወጥም፣ የሚባልበት ዘመን ሲለወጥ ክብደቱ ይለወጣል። ይዘት በወረቀት ላይ ባለው ስንኝ ብቻ አይለካም፤ ተናጋሪው የቆመበት ቦታም ይቆጠራል። ከዚህ አልበም ያገኘሁት ትልቁ ትምህርት ይህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ1940 ጀምሮ የሱዳንን ዘፋኞች ድምፅ ያሰማውና የቀዳው የኦምዱርማን ሬዲዮ ነው። በአፕሪል 2023 ጦርነት ሲፈነዳ ግቢው የተፋላሚዎች ይዞታ ሆነ፤ ሠራዊቱ መልሶ የያዘው በማርች 2024 ነው። የአንድ ሕዝብ ድምፅ በአንድ ቤት ሲቀመጥ ምን ያህል ለአደጋ እንደሚጋለጥ ከዚህ ይታያል። አልበሙ ጉድለቱ ቢኖርም ጥቂት ዘፈኖችን ከዚያ ቤት ውጭ እንዲኖሩ አድርጓል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን አምስቱን ድምፆች አዘምሯቸው፤ ከዚያም በየሰፈራቸው ያለውን ያረጀ ካሴትና ሸክላ እየፈለጉ ግጥሙን በደብተራቸው እንዲገለብጡና ይዘቱን ከቅርፁ ጋር እንዲመዝኑ አድርጓቸው። ያ ተማሪዬ ዛሬ ቢጠይቀኝ መልሴ አጭር ነው። የዘፈንን ሀገር የሚወስነው ጊታሩ የተሠራበት ፋብሪካ ሳይሆን ጊታሩ የሚመልሰው ጥሪ ነው።