ነፃ የተባለው ሕክምና ወጪውን ማን ይሸፍናል?

በኢትዮጵያ የታካሚውንና የጤና ተቋሙን ግንኙነት በጥልቀት ከለወጡት ሰነዶች አንዱ በ1990 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና ክብካቤ ፋይናንስ ስትራቴጂ ነው። ከዚያ በፊት ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ከታካሚ የሚሰበስቡትን ገንዘብ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ያስገቡ ነበር። ስትራቴጂው ተቋማቱ ገቢያቸውን አስቀርተው ለመድኃኒት፣ ለሕክምና መሣሪያና ለጥገና እንዲያውሉት በር ከፈተ፤ ክልሎችም በየጊዜው ባወጧቸው አዋጆች ሥራ ላይ አዋሉት። በአንጻሩ መክፈል የማይችሉ ድኾች ተለይተው በነፃ እንዲታከሙ፣ እንደ ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናና የወሊድ አገልግሎት ያሉት ደግሞ ለማንኛውም ሰው ያለ ክፍያ እንዲሰጡ ተደነገገ።

ሁለቱ ድንጋጌዎች ለየብቻቸው ሲታዩ የሚነቀፉ አይደሉም። ችግሩ የሚፈጠረው በአንድ ጤና ጣቢያ ጣራ ሥር ሲገናኙ ነው። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤቱን በገቢው እንዲሞላ ይጠበቅበታል፤ ነፃ አገልግሎት ግን ለእርሱ ገቢ የሌለው ወጪ ነው። በወሊድ ክፍል ጓንት፣ የደም ሥር ፈሳሽና ኦክሲቶሲን ሲያልቅ፣ ተተኪውን የሚገዛ በጀት ካልተመደበ፣ ማዘዣው በቤተሰቡ እጅ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይሄዳል። በዚያች ቅጽበት ነፃ የተባለው አገልግሎት በወረቀት ላይ ብቻ ነፃ ሆኖ ይቀራል።

ክፍያ ሲነሣ የሚገኘው ጥቅም ግን አጠያያቂ አይደለም። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2003 በክፍያ መሰጠት ሲጀምር የተጠቀመው ሰው ጥቂት ነበር። በ1997 ዓ.ም. በነፃ መታደል ከጀመረ በኋላ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሕክምናውን የሚያገኘው ሕዝብ በብዙ እጥፍ ጨመረ። ሆኖም ውጤቱን ያስገኘው የነፃነቱ ዐዋጅ ብቻ አልነበረም፤ ግሎባል ፈንድና የአሜሪካ መንግሥት የኤድስ መርሐ ግብር መድኃኒቱንና የላቦራቶሪ ዕቃውን ስለ ገዙ፣ ሕክምናውም ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ ስለ ወረደ ጭምር እንጂ። ወጪውን የሚሸፍን ወገን ተለይቶ በታወቀበት ቦታ ቃሉ ጸንቷል። ይህ ወገን ከባሕር ማዶ ሲሆን ግን ጽናቱ በሌላ አገር ውሳኔ ላይ ይንጠለጠላል። የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2017 ዓ.ም. የውጭ ዕርዳታውን በድንገት ሲያግድ ይህ ሥጋት በገሃድ ታይቷል።

የወሊድ አገልግሎትም ትልቅ መሻሻል አሳይቷል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት፣ በጤና ተቋም የሚፈጸመው ወሊድ እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 5 ከመቶ በ2019 ወደ 48 ከመቶ አድጓል። ለዚህም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አምቡላንሶችና በየወረዳው የተሠሩ ጤና ጣቢያዎች ድርሻ ሊዘነጋ አይገባም። ያም ሆኖ በ2019ኙ ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወሊድ ከተቋም ውጭ የተፈጸመ ነበር። ለገጠር ቤተሰብ የትራንስፖርቱ፣ የአስታማሚው ቀለብና ከውጭ የሚገዛው መድኃኒት ተደምሮ የሚያስከትለው ወጪ በፖሊሲው ዘንድ አይቆጠርም።

ለዚህ ችግር መንግሥት የሰጠው ምላሽ የጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ባሉ 13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን፣ ገበሬው ጤነኛ ሳለ እንዲያዋጣና ሲታመም ያለ ሥጋት እንዲታከም ያደርጋል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን መዋጮውን ከፍሎ፣ ደብተሩን ይዞ የመጣ ሰው መድኃኒቱ የለም ከተባለ ለአንድ ሕመም ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው፤ በቀጣዩ ዓመት አባልነቱን ባያድስ ሊወቀስ አይችልም። ቀድመው የሚወጡት ጤነኞቹ፣ የሚቀሩትም በሽተኞቹ በመሆናቸው የመድኑ ገንዘብ እየሳሳ ይሄዳል። በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የተደነገገውና ደመወዝተኛውን የሚመለከተው ማኅበራዊ የጤና መድን ከአሥር ዓመታት በላይ ሥራ ላይ አለመዋሉም ቋሚ ገቢ ያለው ክፍል ከመረዳዳቱ ውጭ ሆኖ እንዲቆይ አድርጓል።

እንግዲህ ጉድለቱ በፖሊሲው ዓላማ ላይ ሳይሆን በስሌቱ ላይ ነው። ማንኛውም አገልግሎት ነፃ ነው ተብሎ ሲታወጅ በዚያው ሰነድ ወጪውን የሚሸፍነው አካልና የበጀቱ ምንጭ አብሮ ሊጻፍ ይገባል። የአፈጻጸሙም መለኪያ የታከመው ሕዝብ ብዛት ብቻ ሳይሆን ታካሚው ከኪሱ ያወጣው ገንዘብ ጭምር ሊሆን ይገባል። ለዚህ የሚያስፈልገው ማስረጃ ያለው በባለሙያው እጅ ነው። ከጤና ተቋሙ ወደ ውጭ የተጻፈ እያንዳንዱ ማዘዣ በመዝገብ ቢሰፍርና በየሩብ ዓመቱ ለወረዳው ቢቀርብ፣ የነፃ ሕክምናን እውነተኛ ዋጋ ከማንኛውም ሪፖርት ይልቅ አጥርቶ ያሳያል።