ቁራሌው

ጆንያውን ትከሻው ላይ ጥሎ «ቁራሌው!» እያለ በአዲስ አበባ ሰፈሮች የሚዞረውን ወጣት ከልቤ አደንቃለሁ። ባዶ ጠርሙስ፣ የዘይት ጀሪካን፣ የተቀደደ ጫማ፣ መሥራት ያቆመ ሬዲዮ፣ አልጋ ሥር የረሳነውን ሁሉ ዋጋ ተከራክሮ፣ ከኪሱ ከፍሎ ይወስዳል። «ልዋጭ» ባዩ ደግሞ ለአሮጌ ልብስ ሳፋ ወይም ብርጭቆ ይሰጣል።

ከተሰበሰበው ብዙው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። እዚያ መዶሻ አያርፍም። በርሜል ተተርትሮና ተጠፍጥፎ የከሰል ምድጃ ይሆናል። የመኪና ጎማ በስለት ተቆርጦ በረባሶ ይወጣዋል፤ ድንጋይም ጭቃም የማይበግረው ጫማ! አሉሚኒየምም ቢሆን አሮጌውን ማቅለጥ የሚፈጀው ኃይል ከማዕድኑ አዲስ ለማምረት ከሚያስፈልገው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

የምንጥለው ነገር ተከምሮ የት እንደሚያደርስ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. አይተናል። የአዲስ አበባው ቆሻሻ መጣያ፣ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎችን ቀጥፏል። ቁራሌው የሚወስደው እያንዳንዱ ቆርቆሮ ወደ እንዲህ ያለ ክምር የማይሄድ ነው፤ ይህን ሥራ ደመወዝ ሳይቆረጥለት፣ ጓንት እንኳ ሳይኖረው ይሠራዋል።

እኛም ልናግዘው እንችላለን። ጠርሙሱንና ብረቱን ከምግብ ትርፍራፊ ለይተን በደረቅ ማዳበሪያ ብናስቀምጥ፣ የተሰበረ መስታወት ካለ አስቀድመን ብንነግረው ሥራው ይቀልለታል፣ እጁም አይቆረጥም። በሳንቲም መጨቃጨቁንም ብንተው ደስ ይለኛል።